በኮምፓይል ጊዜ አስሊ ላይ አዲስ ፊቸር ለመጨመር የትኛው መንገድ ይሻላል?

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ የራሳቸውን ትንሽ ቋንቋ የሚሠሩ ወይም ክፍት ኮድ ኮምፓይለሮች ላይ መሳተፍ የጀመሩ ልጆች ሲያማክሩኝ ጥያቄያቸው ብዙ ጊዜ ይመሳሰላል። ኮምፓይለሩ (የተጻፈውን ፕሮግራም ወደ ማሽን ኮድ የሚቀይረው) አንዳንድ ፈንክሽኖችን ፕሮግራሙ ከመነሳቱ በፊት ራሱ አስልቶ ውጤታቸውን ያስቀምጣል፤ ይህን የሚሠራውን ክፍሉን አስሊ እለዋለሁ። መደመርና ማባዛት ይችላል። አሁን ሉፕ፣ ፖይንተር (የሌላ ዕቃን ቦታ የሚያመለክት ዋጋ)፣ ኤክሴፕሽን (ስህተት ሲገጥም ሥራውን አቋርጦ የሚወረወር) ሊጨመርለት ነው። በያዙት የአገባብ ዛፍ ላይ ይቀጥሉ? ባይትኮድ ይሥሩ? መካከለኛውን ኮድ ያስኬዱ? ወይስ ፈንክሽኑን ወደ ማሽን ኮድ ቀይረው እዚያው ያስሩጡት?

አብዛኛው ሰው ምርጫውን ከፍጥነት ይጀምራል። እኔ ግን ከሜሞሪ ጀምሩ ነው የምለው። አስሊው አንድን ፖይንተር፣ ገና ዋጋ ያልተሰጠውን ቫሪያብል፣ ዕድሜው ያለቀውን ዕቃ በምን መልክ እንደሚይዝ መጀመሪያ ካልተወሰነ፣ ፈጣን መሆኑ አያድነውም፤ ሁለት ሦስት ፊቸር እንደተጨመረለት መንገዱ ይዘጋበታል። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር ሁሉ በዚህ ሚዛን የተሠራ ነው።

በምሳሌ እንያዘው

በአማርኛ ስም የሚፈልግ ፕሮግራም እየሠራችሁ ነው እንበል። አንዱ ‹ሠላም› ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው ‹ሰላም› ብሎ ይፈልጋል። ዋናው የግዕዝ ክፍል በዩኒኮድ ከ4608 እስከ 4991 ድረስ 384 ቦታ አለው። የአንድ ፊደል ቤተሰብ በስምንት ስምንት ቦታ ስለተደረደረ ማመሳሰሉ ቀላል ሒሳብ ነው፤ ‹ሠ› 4640 ላይ፣ ‹ሰ› 4656 ላይ ስለሆኑ 16 መደመር ይበቃል። ከ‹ሐ› 16፣ ከ‹ኀ› 128 ብትቀንሱ ‹ሀ› ላይ ትደርሳላችሁ። ከ‹ዐ› ላይ 48 ሲቀነስ ‹አ›፣ ከ‹ፀ› ላይ 8 ሲቀነስ ‹ጸ› ይገኛል። ‹ሃ›ን ወደ ‹ሀ›፣ ‹ኣ›ን ወደ ‹አ› ለመመለስ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ሁኔታ መፈተሽ ያስፈልጋል። እያንዳንዱን በሁለት ባይት ብንይዝ ሙሉ ሰንጠረዡ 768 ባይት ነው። ፕሮግራሙ በተነሳ ቁጥር ከመሙላት ኮምፓይለሩ አንድ ጊዜ ሞልቶ ቢያስቀምጠው ይሻላል።

ይህችን ትንሽ ፈንክሽን ለማስላት አስሊው ምን መቻል አለበት? ሉፕ፣ ሁኔታ መፈተሽ፣ በፈንክሽኑ ውስጥ የተፈጠረ አሬይ፣ የአሬዩን አንድ ቦታ መለወጥ። ይኸው ነው። ግን በ2011 የወጣው ሲ ፕላስ ፕላስ ይህን አይፈቅድም ነበር፤ ኮንስትኤክስፕር የተባለ፣ ማለትም በኮምፓይል ጊዜ ሊሰላ የሚችል ፈንክሽን በአንድ የመመለሻ ዓረፍተ ነገር መወሰን ስለነበረበት ሰው ሉፑን በሪከርሽን (ፈንክሽኑ ራሱን እንዲጠራ በማድረግ) ይተካ ነበር። ሉፕና የውስጥ ቫሪያብል መለወጥ የተፈቀደው በ2014ቱ እትም ነው። ረስት የተባለው ቋንቋም በ1.31 እትሙ በ2018 መጨረሻ ተመሳሳዩን ኮንስት ፈንክሽን ሲያጸና ሉፕ አልነበረውም፤ በ2020 በወጣው 1.46 ነው የገባው። የመጣውም የ‹ዋይል› ዓይነቱ ሉፕ ነው፤ ‹ፎር› በትሬይት (ታይፖች የሚጋሩት የፈንክሽን ውል) ላይ ስለሚቆም ገና ተከልክሎ ቀረ።

የአገባቡን ዛፍ እየተከተሉ ማስላት

ፓርሰሩ የሠራውን ዛፍ ይዞ ከሥር ወደ ቅርንጫፍ እየወረዱ እያንዳንዱን ቋጠሮ ማስላት ነው። የሲ ፕላስ ፕላስ ኮምፓይለሩ ክላንግ ለረጅም ዓመታት የኖረው በዚህ ነው፤ የዲ ቋንቋ ኮምፓይለርም ከ2007 ጀምሮ እንዲሁ። ለጀማሪ ቡድን ይህን መንገድ የሚወደድ የሚያደርገው ዛፉ ሁሉን የሚያውቅ መሆኑ ነው፤ ታይፑን፣ መስመሩን፣ ቫሪያብሉን ማን እንደሰየመው ያውቃል። ስህተት ሲገኝ ለተጠቃሚው የሚሰጠው መልእክት ጥርት ያለ ይሆናል። አንድ አዲስ ኦፕሬተር መጨመርም የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከሉፕ በኋላ ነው። ‹ብሬክ›፣ ‹ኮንቲኒው› እና ‹ሪተርን› ሲመጡ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር አስሊ ‹ቀጥል›፣ ‹ከሉፑ ውጣ›፣ ‹ወደ ሉፑ ራስ ተመለስ›፣ ‹ከፈንክሽኑ ውጣ›፣ ‹አልተሳካም› ከሚሉት ምልክቶች አንዱን መመለስ ይኖርበታል፤ የጠራውም ሁሉ ያንን መፈተሽ አለበት። ይህ ይቻላል፣ ብዙ ኮምፓይለር ሠርቶታል። ኤክሴፕሽን ሲታከልበት ግን ታሪኩ ይለወጣል። ኤክሴፕሽን ከዓረፍተ ነገር ብቻ ሳይሆን ከማንኛውም መግለጫ መሃል ሊነሳ ይችላል፤ ከመደመር ግራ ክንድ፣ ከፈንክሽን ሦስተኛ አርጉመንት። ስለዚህ አዲሱ ምልክት በአስሊው ውስጥ ባሉ መቶዎች ቦታዎች ሁሉ መታየት አለበት፤ አንዱን የረሳ ሰው ዝም ብሎ የተሳሳተ ውጤት ያገኛል።

ሁለተኛው ከባድ ነገር ዋጋ የሚያዝበት መልክ ነው። የዛፍ አስሊዎች አብዛኛውን ጊዜ ዋጋንም በዛፍ መልክ ይይዛሉ፤ አሬይ ማለት የዋጋዎች ዝርዝር ነው፣ ፖይንተር ማለት ‹ይህ ቫሪያብል፣ ሁለተኛው መስክ፣ አምስተኛው ቦታ› የሚል የመንገድ መግለጫ ነው። ለደኅንነት መልካም ነው፤ ከአሬይ ውጭ የወጣ ፖይንተር ወዲያው ይያዛል። ባይት ግን የለም። የ2020 ሲ ፕላስ ፕላስ የአንድን ዕቃ ባይቶች እንደ ሌላ ታይፕ ማንበብ የሚያስችል ፊቸር ሲያመጣ ክላንግ ውስጥ ዋጋን ወደ ባይት የሚገለብጥ፣ ከባይት መልሶ የሚያነብ የተለየ ክፍል መጻፍ ግድ ሆነ። ከሜሞሪ ጀምሩ ያልኩት ለዚህ ነው።

ፍጥነቱን በአጭሩ ላንሳው። ሉፑ ሺህ ጊዜ ከዞረ ያው ዛፍ ሺህ ጊዜ እንደ አዲስ ይሰላል። የዲ ኮምፓይለር አስሊም ረዘም ባለ ስሌት ላይ ሜሞሪ በመብላት ይታወቅ ነበር። ለ384 ዙር ሰንጠረዣችን ግን ይህ ምንም አይደለም።

ባይትኮድ

ክላንግ ውስጥ ከ2019 ጀምሮ የዛፉን አስሊ እንዲተካ ታስቦ የተጀመረ አዲስ አስሊ አለ፤ ፈንክሽኑን መጀመሪያ ወደ ባይትኮድ፣ ማለትም አስሊው ተራ በተራ ወደሚያነባቸው አጫጭር መመሪያዎች ይቀይርና ያንን ያስኬዳል። ለዓመታት በልዩ የማዘዣ አማራጭ ብቻ የሚበራ ሆኖ ቆይቷል። ይህን ማወቅ ለእኛ ጠቃሚ ነው፤ በሳል ቋንቋን ከአንድ አስሊ ወደ ሌላ ማዛወር ስንት ዘመን እንደሚወስድ ያሳያልና። በሁለቱ አስሊዎች መካከል ያለ ትንሽ ልዩነት ሁሉ የሰው ፕሮግራም ይሰብራል።

ከዚህ ሥራ ሁለት ነገር ብትወስዱ ደስ ይለኛል። አንደኛው፣ እያንዳንዱ ቫሪያብል በራሱ ብሎክ ላይ ይቀመጣል፤ ብሎኩ የትኛው ክፍሉ ዋጋ እንደተሰጠው ይመዘግባል፤ ፖይንተሮች ብሎኩን ይዘው ስለሚቆዩ ዕድሜው ያለቀ ዕቃ ሲነካ ይታወቃል። ሁለተኛው የበለጠ ያስደስተኛል። ባይትኮድ አመንጪው ሁለት ዓይነት መጨረሻ አለው፤ አንዱ መመሪያውን ይጽፋል፣ ሌላው ሳይጽፍ እዚያው ያስፈጽማል። አንድ ጊዜ ብቻ ለሚሰላ አጭር መግለጫ ባይትኮድ መጻፍ ብክነት ስለሆነ በሁለተኛው ያልፋል፤ ተደጋግሞ የሚጠራ ፈንክሽን ግን በመጀመሪያው። የአመንጪው ኮድ አንድ ነው፣ አዲስ ፊቸርም አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፍለታል።

ጉዳቱ በግልጽ ይነገር። ኮምፓይለራችሁ አሁን የቋንቋውን ትርጉም ሁለት ቦታ ይጽፋል፤ አንዴ ለማሽን ኮድ፣ አንዴ ለባይትኮድ። የዛፍ አስሊም ይህ ዕዳ አለበት፣ ባይትኮድ ግን የመመሪያ ዝርዝሩን፣ የስታክ አያያዙንና ከመመሪያ ወደ ምንጭ መስመር የሚመልሰውን ካርታ ይጨምርበታል። ሦስት ሰው ላለው ቡድን ከባድ ሸክም ነው። አንድ ቋንቋ የኮምፓይል ጊዜ ስሌትን የዕለት ተዕለት መሣሪያው ካላደረገው በቀር አልመክረውም። ኒም የተባለው ቋንቋ ይህን ያደረገ ነው፤ ማክሮዎቹ (ኮድ የሚያመነጩ ኮዶቹ) ሁሉ በኮምፓይለሩ ውስጥ ባለ ቨርቹዋል ማሽን ላይ ስለሚሠሩ ድካሙ ይከፍለዋል።

መካከለኛውን ኮድ ማስኬድ

ረስት የመረጠው ይህን ነው፤ እኔም ለአብዛኛው አዲስ ቋንቋ የምመርጠው ይህንኑ ነው። ኮምፓይለሩ ፕሮግራሙን ሚር ወደሚባል መካከለኛ ኮድ ይቀይራል፤ በ2018 መጀመሪያ ወደ ኮምፓይለሩ የገባው አስሊ ያንኑ ኮድ መስመር በመስመር ያስኬዳል። ሚር ላይ ‹ፎር› የለም፣ የተወሳሰበ የፓተርን ማዛመድ የለም፤ ሁሉም ወደ ጥቂት መመሪያዎችና መዝለያዎች ተበትኗል። ስለዚህ ለቋንቋው አዲስ ፊቸር ስትጨምሩ፣ ወደ መካከለኛው ኮድ ከወረደ አስሊው ብዙውን ጊዜ ሳይነካ ያስኬደዋል።

የሜሞሪ አያያዙን በደንብ እዩት። እያንዳንዱ ምደባ፣ ማለትም ለአንድ ዕቃ የተያዘ የሜሞሪ ቦታ፣ የባይቶች ረድፍ አለው፤ ከጎኑ የትኛው ባይት ዋጋ እንደተሰጠው የሚያሳይ ጭምብል፣ ከዚያም በየትኞቹ ባይቶች ላይ ፖይንተር እንደተቀመጠና ወደየትኛው ምደባ እንደሚያመለክት የሚናገር ካርታ። ፖይንተር እውነተኛ አድራሻ አይደለም፤ የምደባ መለያና ከመነሻው ያለው ርቀት ነው። በዚህ አንድ ንድፍ ባይት ማንበብ፣ ታይፕ መለወጥ፣ ዩኒየን፣ ወደ መሃል የሚያመለክት ፖይንተር ሁሉም ይሠራሉ። ሚሪ የተባለው የስህተት አዳኝ መሣሪያ በዚሁ ሞተር ላይ መሠራቱ የንድፉን ጥንካሬ ያሳያል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት ነጥብ አለ። ረስት ሉፕን እስከ 1.46 የከለከለው አስሊው ስላልቻለ አይደለም። አስሊው ይችል ነበር፤ የከለከለው ከአስሊው በፊት የቆመ ሌላ መርማሪ ነው። በፈንክሽን ውስጥ በሚለወጥ ሪፈረንስ መሥራትም እስከ 2024 መጨረሻ፣ እስከ 1.83 ድረስ ቆይቷል። ይህን መንገድ የሚመርጥ ሰው ሥራው ከአስሊው ወደ መርማሪው እንደሚዛወር ይወቅ፤ ‹ማስኬድ እችላለሁ ወይ?› የሚለው ጥያቄ ቀርቶ ‹ይህን ለተጠቃሚ ለዘላለም ቃል ልግባ ወይ?› ይሆናል። ይህኛው ጥያቄ የሚሻል ጥያቄ ነው።

መካከለኛው ኮድ ግን ታይፕና የምንጭ መስመር መያዝ አለበት፣ ከማፍጠኛ ማስተካከያዎችም በፊት መወሰድ አለበት። የኤልኤልቪኤምን (ክላንግና ረስት የማሽን ኮድ የሚያመነጩበትን መሣሪያ) ኮድ ለዚህ እንጠቀም የሚል ሐሳብ በየጊዜው ይነሳል። አይሆንም። እዚያ ሲደረስ የቋንቋው ታይፖች አብዛኛው ጠፍተዋል፣ የቋንቋው ስህተትም ስህተት መሆኑ የማይታወቅበት ደረጃ ነው።

ወደ ማሽን ኮድ ቀይሮ ማስሮጥ

ከሁሉ ፈጣኑ፣ ከሁሉም የምፈራው። ፊቸር በሙሉ በነጻ ይመጣል፤ ኮድ አመንጪው ካወቀው ይሮጣል። ሆኖም ከአሬይ ውጭ የሚጽፍ የተጠቃሚ ፈንክሽን ኮምፓይለሩን ራሱን ይገለብጠዋል፤ የማያልቅ ሉፕን በሥርዓት ማስቆም አይቻልም፤ የተገኘው ፖይንተር እውነተኛ አድራሻ ስለሆነ ወደ ፕሮግራሙ ፋይል መጻፍ አይቻልም።

ከዚያ ደግሞ የማሽን ልዩነት አለ። በደሴ ብርድ ተለብሶ የወጣ ካፖርት ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ሲገባ ሸክም እንደሚሆነው ሁሉ፣ ኮዱ በተገነባበት ማሽን ላይ ትክክል የነበረ መጠን በሚሮጥበት ላይ ስህተት ይሆናል። ፖይንተር እናንተ ላፕቶፕ ላይ 8 ባይት፣ ባለ 32 ቢት ቦርድ ላይ 4 ባይት ነው። ሌላው ቀርቶ የሲ ‹ሎንግ› በ64 ቢት ሊኑክስ 8፣ በ64 ቢት ዊንዶውስ 4 ባይት ነው። ረስት ይህን መንገድ ለፕሮሲጀራል ማክሮ (ኮድ ተቀብሎ ኮድ ለሚመልስ ፈንክሽን) ብቻ ነው የሚጠቀምበት፤ ማክሮው ለገንቢው ማሽን ተገንብቶ ይሮጣል፣ የሚመልሰውም ዋጋ ሳይሆን ኮድ ነው። ድንበሩ እዚያ ላይ መሰመሩ ትክክል ይመስለኛል።

ምንም ሳይነኩ የሚያልፉበት ጊዜም አለ

ፊቸሩ በነበሩት ሊገለጽ ከቻለ አስሊውን አትንኩት። ‹ፎር› ወደ ‹ዋይል›፣ የፓተርን ማዛመድ ወደ ተከታታይ ‹ኢፍ› ይውረድ። የዛፍ አስሊ ያላችሁ ሰዎች ከማንም በላይ ይህን ተጠቀሙበት።

በፊቸር ሲመዘን

ለሉፕና ለቫሪያብል ለውጥ አራቱም ይሆናሉ፤ በያዛችሁት ቀጥሉ። ለቨርቹዋል ጥሪም (የሚጠራው ፈንክሽን በዕቃው ታይፕ ለሚወሰንበት) እንዲሁ፤ ዕቃው ታይፑን ይዞ ከሄደ የሚጠራውን ማግኘት ቀላል ነው። ሲ ፕላስ ፕላስ በ2020 ሲፈቅደው ብዙ ግርግር ያልነበረው ለዚህ ነው።

የሂፕ ምደባ (ፕሮግራሙ እየሮጠ ሜሞሪ ጠይቆ የሚይዝበት) ሌላ ደረጃ ነው። ጥያቄው ‹እንዴት እመድባለሁ?› አይደለም፤ ‹ስሌቱ ሲያልቅ ያልተመለሰው ምን ይሁን?› ነው። የ2020ው ሲ ፕላስ ፕላስ በኮምፓይል ጊዜ የተመደበ ሁሉ ስሌቱ ሳያልቅ መመለስ አለበት ብሎ ቆርጧል። ለትንሽ ቋንቋ ከዚህ የተሻለ ደንብ አላውቅም፤ እንዳለ ውሰዱት። ደንቡን ለማስከበር አስሊው ምደባዎቹን የሚቆጥር ማህደር ይፈልጋል፤ በብሎክ ወይም በምደባ መለያ የሚሠራ አስሊ ይህ በእጁ ነው፣ የመንገድ መግለጫ የሚይዘው የዛፍ አስሊ ግን ለመንገዱ አዲስ ዓይነት መነሻ መፍጠር አለበት።

ኤክሴፕሽን ከሁሉ ይከብዳል። የ2020 እትም የ‹ትራይ› ብሎክን በኮንስትኤክስፕር ፈንክሽን ውስጥ እንዲጻፍ ብቻ ፈቀደ፤ በስሌቱ ጊዜ ከተወረወረ ግን ስሌቱ ይወድቃል። እውነተኛው መወርወርና መያዝ የተወሰነው ለ2026ቱ እትም ነው። መካከለኛው ኮዳችሁ ከየጥሪው የሚወጡ ሁለት መንገዶች፣ የመሳካትና የመጽዳት፣ ካሉት ይህ ፊቸር ግማሽ ተሠርቶ ነው የሚጠብቃችሁ። ዛፍ ላይ ከሆናችሁና ኤክሴፕሽን የግድ ከሆነ፣ መንገድ የምትቀይሩበት ጊዜ ይህ ነው።

ገደብና ተመሳሳይ ውጤት

አስሊ ያለ ገደብ አይለቀቅ። ክላንግ 1,048,576 እርምጃና 512 የጥሪ ጥልቀት ላይ ያቆማል፤ ሌላው የሲ ፕላስ ፕላስ ኮምፓይለር ጂሲሲ ለአንድ ሉፕ 262,144 ዙር፣ ለጠቅላላ ስሌት 33,554,432 ኦፕሬሽን ይፈቅዳል። ዚግ የተባለው ቋንቋ በጣም ጥብቅ ነው፤ ወደ ኋላ የሚመልስ ዝላይን 1000 ላይ ያግዳል፣ የፈለገ ሰው በኮዱ ውስጥ ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል። የፊደል ሰንጠረዣችን ያልፋል። የኢትዮጵያን አቆጣጠር የ100 ዓመት የወር መባቻዎች ሰንጠረዥ ብትሠሩ ግን 13 ወር ሲባዛ 1300 ዙር ስለሚሆን ይታገዳል። የዚግን አካሄድ እወደዋለሁ፤ ገደቡ በምንጭ ኮዱ ላይ ስለሚጻፍ ቀጥሎ የሚያነብ ሰው ያየዋል። እርምጃ ይቆጠር እንጂ ሰዓት አይቆጠር፤ በሰዓት የሚገደብ ስሌት በአንዱ ላፕቶፕ አልፎ በሌላው ይወድቃል።

የነጥብ ቁጥርንም ለማሽኑ አትተዉት። ክላንግም ረስትም በሶፍትዌር ያሰሉታል፣ ጂሲሲ ለሒሳብ ፈንክሽኖች ኤምፒኤፍአር የተባለውን ላይብረሪ ይጠቀማል፤ ሁሉም ውጤቱ በገንቢው ማሽን ላይ እንዳይንጠለጠል ነው።

በእኛ ሁኔታ

መብራት የሚጠፋበት፣ ኢንተርኔት በሞባይል ዳታ የሚገዛበት ሰው ምርጫው በዚህም ይወሰናል። ኤልኤልቪኤምንና ክላንግን በዲበግ መልክ መገንባት ከ15 እስከ 20 ጊጋባይት ዲስክ ይፈልጋል፤ የማገናኘቱ ደረጃ ደግሞ ራም ይጨርሳል። ክላንግ ላይ ለመሥራት ካሰባችሁ የመጨረሻውን ኮሚት ብቻ አውርዱ፣ ለራሳችሁ ማሽን ብቻ ገንቡ፣ ዲበግን ትታችሁ አሰርሽን (የውስጥ ፍተሻ) የበራበትን ሪሊዝ ያዙ፣ በአንድ ጊዜ የሚሮጠውን ማገናኛ አንድ ላይ ወስኑት። ኒንጃ በተባለው የግንባታ መሣሪያ ከሆነ መብራት ተመልሶ ሲመጣ ከቆመበት ይቀጥላል። የረስትን ኮምፓይለር ለሚነካ ሰው የተገነባ ኤልኤልቪኤም አውርዶ መጠቀም ይቻላል፤ ይህ ብቻውን ረጅም ሰዓት ያድናል። ክላንግ ላይ ፊቸር ስትጨምሩ አዲሱንም አሮጌውንም አስሊ በአንድ ፈተና አሳልፉ፤ ረስት ላይ ደግሞ መጀመሪያ መርማሪውን አንብቡ።

የራሳችሁን ቋንቋ ከባዶ የምትሠሩ ከሆነ የኔ ምክር ይህ ነው። ታይፕ የያዘ መካከለኛ ኮድ ካላችሁ እሱን አስኬዱ። ከሌላችሁ በዛፉ ጀምሩ፣ ሜሞሪውን ግን ከመጀመሪያው ቀን በምደባ መለያ፣ በባይት ረድፍና በጭምብል አድርጉት፤ ወደፊት ዛፉን ስትተዉ ሜሞሪው አብሯችሁ ይሄዳል። ለእያንዳንዱ ፊቸር ሦስት ፈተና ጻፉ፤ ማለፍ ያለበት፣ ጥርት ባለ መልእክት መውደቅ ያለበት፣ ሦስተኛው ያው ፈንክሽን በኮምፓይል ጊዜም በሩጫ ጊዜም ተሰልቶ ውጤቱ ባይት በባይት የሚነጻጸርበት። የፊደል ሰንጠረዡ ለሦስተኛው ይበቃል፤ 768ቱ ባይቶች ከተለያዩ የተለያየው ቦታ ራሱ የትኛው መመሪያ እንደተሳሳተ ይጠቁማችኋል።